ሮዳጅ፤ የአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ሰዓቶች

አዲስ የተሠራ ወይም ፈርሶ እንደገና የተገጣጠመ ሞተር ሥራ የሚለማመድበትን ጊዜ መካኒኮቻችን «ሮዳጅ» ይሉታል። ቃሉ እንደ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላና ቴስታታ ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። በጣሊያን አገር ሮዳጅ ላይ ያለ መኪና ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ በኋላ መስታወቱ ላይ ይለጥፍ ነበር። በእንግሊዝ አገርም «ሞተሩ በመለማመድ ላይ ነው፤ እባክዎ ይለፉኝ» የሚል ምልክት የተለመደ ነበር። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ጥሩምባውን ከመንፋት ይልቅ ታግሦ እንዲያልፍ መሆኑ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ምልክት ለጥፎ የሚሄድ መኪና ማየት ብርቅ ሆኗል።

የምልክቱ መጥፋት ሮዳጅ የሚባለው ነገር ራሱ ቀርቷል የሚል አስተሳሰብ አሳድሯል። በሌላ ወገን ደግሞ ሮዳጅ ማለት ሞተሩን ምንም ሳይጫኑ በዝግታ መንዳት ነው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ሁለቱም አስተሳሰቦች ሞተር ያስከፍላሉ። እኛም ሁለተኛውን አምነን ስለ ተሳሳትን ነው ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ የተነሣነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባልደረባችን ያረጀች ባለሁለት ወንበር መኪናውን ለሠልጣኞቻችን ማስተማሪያ እንድትሆን ወደ ወርክሾፓችን አመጣት። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፤ የመለዋወጫውን ዋጋ እሱ ይችላል፣ ጉልበቱን እኛ እንችላለን፣ ሠልጣኞቹ ይማሩበታል። ሲሊንደሮቹ ቶርኖ ቤት ተልከው ውስጣቸው ተስተካከለ፤ አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻና አዲስ ብሮንዚን ገባላት። ሠልጣኞቹ አንድ መንፈቅ ሙሉ ደከሙባት። የተነሣች ዕለት ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከዚያ ግን «አዲስ ሞተር ይታዘንለታል» ብለን በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጣት በራሷ ዝቅተኛ ዙር፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆማ እንድትሠራ አደረግን። ቀጥሎም ባልደረባችን ለሦስት ሳምንት ያህል በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር ሳያልፍ፣ ነዳጅ መስጫውን በጣቱ ጫፍ ብቻ እየነካ ነዳት።

በሁለተኛው ወር ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ይታይ ጀመር። በ500 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ዘይት ትጨርስ ነበር። ቴስታታው ሲነሣ የሲሊንደሮቹ ግድግዳ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። እንዲያውም ጥሩ ምልክት መስሎን ነበር። በሥራው ላይ ብዙ ዘመን የቆዩ አንድ መካኒክ ግን ጎንበስ ብለው አዩና «ልጆቼ፣ አቀማጥላችሁ ገደላችኋት» አሉን።

ምን ማለታቸው ነበር? ይህን ለመረዳት ሞተሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ነገሩ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን አንድ የታወቀ የስፖርት መኪና ሞተር እንውሰድ። ኤም ጂ ቢ የተባለችው መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አገር አቢንግደን በተባለ ከተማ ስትሠራ የነበረች ናት። የሞተሯ ይዘት 1,798 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 80.26 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ ደግሞ 88.9 ሚሊ ሜትር ነው። አሠራሯ ቀላል በመሆኑ ዛሬም በብዙ አገር የስፖርት መኪና ወዳዶች እያፈረሱ የሚገጣጥሟት ሞተር ናት።

ከመኪናዋ ጋር ይሰጥ የነበረው የሾፌሩ መመሪያ መጽሐፍ ለመጀመሪያው 800 ኪሎ ሜትር ሦስት ነገሮችን ይከለክላል። በሰዓት ከ72 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት፣ በማናቸውም ማርሽ ነዳጅ እስከ መጨረሻው መርገጥ፣ እንዲሁም በማናቸውም ማርሽ ሞተሩ እያቃሰተ እንዲጎትት ማድረግ። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ያስታውሳል፤ ሦስተኛውን ይረሳል። በከፍተኛ ማርሽ በዝግታ እየነዳ «ሮዳጅ ላይ ነኝ» የሚል ሾፌር በእርግጥ የመመሪያውን ሦስተኛ ቃል እየጣሰ ነው።

ስለ መጀመሪያው ክልከላ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ ለፊዚክስ መምህራን ጥሩ የክፍል መልመጃ ይሆናል። ኤም ጂ ቢ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሞተሯ በደቂቃ 2,500 ዙር ያህል ይዞራል። በአንድ ዙር ፒስተኑ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ስለዚህ አማካይ ፍጥነቱ 2 × 0.0889 × 2,500 ÷ 60 ሲሆን ውጤቱ በሴኮንድ 7.4 ሜትር ነው። ሞተሯ ከፍተኛ ጉልበቷን በምትሰጥበት በ5,400 ዙር ግን በሴኮንድ 16 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነቱ ከእጥፍ ጥቂት በለጠ። ፒስተኑን በየጫፉ አቁሞ ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል ግን የሚያድገው በዙሩ ካሬ ስለሆነ ከአራት እጥፍ ተኩል በላይ ይሆናል። በ5,400 ዙር የፒስተኑ ፍጥንጥነት ከምድር ስበት ፍጥንጥነት 1,400 ጊዜ ይበልጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በክራንክሻፍቱ ዙሪያ ያሉት ስስ ብሮንዚኖች ናቸው። የስፖርት መኪና ሮዳጅ ከጭነት መኪናው የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተሩ የተሠራው ለከፍተኛ ዙር ነው፤ ባለቤቱም ያን ዙር ለመስማት ይቸኩላል።

እንግዲህ ከፍተኛ ዙር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ለምን ይከለከላል? አዲስ የተሠራ ብረት ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም በማጉያ ሲታይ ጉብታና ሸለቆ የሞላበት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ገጾች ሲገናኙ የሚነካኩት በሙሉ ስፋታቸው ሳይሆን በጥቂት ጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ነው። ጭነቱ ሁሉ በእነዚህ ጫፎች ላይ ያርፋል፤ ሙቀቱም እዚያው ይወለዳል። ሙቀቱ ከልክ ካለፈ ሁለቱ ብረቶች በነጥብ በነጥብ ይጣበቁና ወዲያው ይቀደዳሉ። የተቀደደው ስፍራ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ሸካራ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው ፍጭት ሳይሆን ጥፋት ነው። ጉብታዎቹ ቀስ በቀስ ተልገው ጭነቱ በሰፊ ገጽ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሙቀቱን መቈጣጠር ያስፈልጋል። ለአዲስ ሞተር አለመቸኰል የሚባለው እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

ይሁን እንጂ ጉብታዎቹ እንዲላጉ ደግሞ ግፊት ያስፈልጋል። የእኛ ስሕተት የነበረው እዚህ ላይ ነው።

ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ በተቈፈረ ቦይ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አንድ ቦታ ላይ የተከፈተ የብረት ቀለበት ነው። ሥራው ከላይ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ታች እንዳያመልጥ፣ ከታችም ዘይቱ ወደ ላይ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ብዙ ሰው ፋሻው ግድግዳውን የሚጫነው በራሱ የመለጠጥ ኃይል ብቻ ይመስለዋል። በራሱ ኃይል የሚጫነው ግን በጥቂቱ ነው። ዋናው ኃይል የሚመጣው ከሚቃጠለው ጋዝ ነው። ነዳጁ ሲፈነዳ ጋዙ በፋሻውና በቦዩ መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት ይገባና ከፋሻው ጀርባ ሆኖ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ነዳጅ በደንብ በተሰጠው የቤንዚን ሞተር ውስጥ ይህ ግፊት ከአየር ግፊት አርባና ሃምሳ እጥፍ ይደርሳል። በሚኒሞ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

የሲሊንደሩ ግድግዳ ደግሞ ሆን ተብሎ በሞረድ ድንጋይ ይጫራል። ጭረቱ ግራና ቀኝ ተጠላልፎ እንደ ወንፊት ይታያል። ሸለቆዎቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ጉብታዎቹ ፋሻውን እንደ ሞረድ ይልጉታል፣ እነርሱም በፋሻው ይላጋሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ፋሻው የዚያን ሲሊንደር ቅርጽ ይይዛል። ሞረዱም ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ መላጋቱ እጅግ ይቀንሳል። እንግዲህ ሞረዱ ስለት ያለው በመጀመሪያ ብቻ ስለሆነ ዕድሉ የሚገኘው አንድ ጊዜ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ፋሻው ካልተገፋ በግድግዳው ላይ የቀረው ትርፍ ዘይት በሙቀት እየተጋገረ ሸለቆዎቹን ይሞላል፤ እንደ ቫርኒሽ ያለ ጠንካራ፣ አብረቅራቂ ሽፋን ይሠራል። በዚህ ሽፋን ላይ ፋሻው ይንሸራተታል እንጂ አይላግም። የእኛን ሲሊንደሮች እንደ መስታወት ያስመሰላቸው ይኸው ነበር። እንዲህ ከሆነ በኋላ መድኃኒቱ ሞተሩን ፈትቶ እንደገና መጫርና ፋሻ መለወጥ ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ምንም ወጪ ማሳየት ይችላሉ። ሁለት ጠመኔ ይወሰድና ጎናቸው እርስ በርሱ ይፈተግ። በጣም በቀስታ ሲነካኩ ይንሸራተታሉ እንጂ ቅርጻቸው አይለወጥም። ጠበቅ ተደርገው ሲፈተጉ ዱቄት ይወድቃል፤ ሁለቱም ገጾች ጠፍጣፋ እየሆኑ ይገጥማሉ። አሁን ሌላ ጠመኔ ወስደን ጎኑን ሻማ ብንቀባውና ብንፈትገው ያዳልጣል፤ ዱቄትም እምብዛም አይወጣውም። ሻማው በእኛ ሞተር የተጋገረው ዘይት መሆኑ ነው። የወደቀው የጠመኔ ዱቄት ደግሞ ስለ ዘይት ለውጥ ያስተምራል፤ በሮዳጅ ጊዜ የተላገው ብረት የሚሄደው ወደ ዘይቱ ነውና። (ዱቄቱን በእጅ መጥረግ ይሻላል፤ አንድ ተማሪ እፍ ቢለው የክፍሉ ሁሉ ዓይን ይቃጠላል።)

ለረጅም ጊዜ በሚኒሞ ማቆሙ በሌላም በኩል ይጐዳል። እንደ ኤም ጂ ቢ ባሉ የቆዩ ሞተሮች ውስጥ ካምሻፍቱ ቫልቮቹን የሚከፍተው ጠፍጣፋ ገጽ ያላቸውን ገፊዎች እየነካ ነው። የካምሻፍቱ አፍንጫ ገፊውን የሚነካበት ስፍራ በጣም ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ከባድ ነው። በሚኒሞ ጊዜ ደግሞ የቫልቩን ስፕሪንግ ኃይል ሙሉ በሙሉ የሚሸከመው ይኸው አፍንጫ ነው። ዘይት የሚያገኘውም በአብዛኛው ከክራንክሻፍቱ ከሚረጨው ሲሆን ዙሩ ሲያንስ የሚረጨው ያንሳል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሞተር ሠሪዎች እንዲህ ያለው ሞተር እንደ ተነሣ ወዲያው ከ2,000 እስከ 2,500 ዙር ላይ አድርገው፣ ዙሩን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሃያ ደቂቃ ያህል ያሠሩታል። ዘይቱም ሊታሰብበት ይገባል። ካምሻፍቱን ከመበላት የሚከላከለው የዚንክና የፎስፎረስ ቅመም የጭስ ማጣሪያውን ስለሚጐዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ በወጡ ብዙ የቤንዚን መኪና ዘይቶች ውስጥ እንዲቀንስ ተደርጓል። ለዘመናዊ መኪና መልካም የሆነው ዘይት ለአሮጌ ስፖርት መኪና አዲስ ካምሻፍት ላይበቃው ይችላል።

በተረፈ ስለ ዘይት ብዙ ይወራል። አንዳንዶች በሰው ሠራሽ ዘይት ሞተር ፈጽሞ አይለማመድም ይላሉ። ይህ አባባል እንዳለ ሊወሰድ አይገባም፤ የአሜሪካኑ ኮርቬት እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከፋብሪካው የሚወጣው በሰው ሠራሽ ዘይት ተሞልቶ ነውና። ልዩነቱ ያለው ከሲሊንደሩ አጨራረስ ላይ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ የጭረቱ ጉብታ ጫፎች አስቀድመው በመሣሪያ ስለሚላጉ ለሮዳጅ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። በቶርኖ ቤት የተጫረ ሲሊንደር ግን ሥራው ገና ስለሚቀረው በመጀመሪያ ተራ የማዕድን ዘይት ቢሞላ ይሻላል። የፒስተን ሞተር ባላቸው አነስተኛ አውሮፕላኖችም ልማዱ ይኸው ነው። ላይካሚንግ የተባለው የአውሮፕላን ሞተር ሠሪ አዲስ ሲሊንደር የገባለት ሞተር በማዕድን ዘይት፣ ከጉልበቱ ሦስት አራተኛ ያህል እየሠራ እንዲለማመድ ይመክራል። ሞተሩ ቢበላሽ ዳር ይዞ መቆም በማይቻልበት በሰማይ ላይ እንኳ አብራሪው ሞተሩን በደንብ እንዲያሠራው መታዘዙ ሊያስገርመን አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየርም በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ እዚህ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው የረገጠ ሾፌር ፋሻውን የሚገፋው በባሕር ጠረፍ ሩብ ያህሉን ለቀቅ አድርጎ ከሚነዳው ሰው ባልበለጠ ኃይል ነው። በደጋ አገር ሞተርን ማቀማጠል በቈላ ከሚያመጣው ጉዳት የበለጠ ሊያመጣ የሚችለው ስለዚህ ነው። ይህ ሲባል ግን የእንጦጦን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እያቃሰቱ መውጣት ማለት አይደለም። በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት ሲመጣ በብሮንዚኑ ውስጥ ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ በነፃነት እየዞረ እንዲወጣ ማድረግ ነው የሚያሻው።

ወደ ባልደረባችን መኪና እንመለስ። ሁለት ወር ሙሉ በአውቶቡስ ሲመላለስ ከቆየ በኋላ፣ የሁለተኛውን ፋሻ ዋጋ ከደመወዛችን አዋጥተን ከፍለን፣ ሲሊንደሮቹ እንደገና ተጫሩ። በዚህ ጊዜ መካኒኩ እንዲያዩን ለመናቸው፤ እሳቸውም ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ሲሊንደሮቹን በሞቀ ውኃና በሳሙና አሳጠቡን። ከሞረድ ድንጋዩ የቀረ ደቃቅ አሸዋ በቤንዚን ብቻ አይወጣም፤ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ነጭ እስኪሆን ድረስ መታጠብ አለበት፤ ወዲያውም ዛገ እንዳይነካው ዘይት ይቀባል። ሞተሩ ከተገጣጠመ በኋላ ካንዴላዎቹን አስወጥተው በሞተሪኖው ብቻ አስዞሩት። የዘይቱ ግፊት መለኪያ እስኪነሣ ድረስ ካንዴላ አልገባም። ይህ የሚደረገው ሞተሩ በደረቅ ብሮንዚን ላይ እንዳይነሣ ነው። የእሳቱ ጊዜና ካርቡራተሩም አስቀድመው ተስተካከሉ። አዲስ ሞተር እንቢ እያለ ደጋግሞ ቢዞር ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱን ከግድግዳው ያጥበዋልና።

እንደ ተነሣ ወደ 2,000 ዙር ከፍ ተደረገ። አንድ ሠልጣኝ የዘይቱን ግፊት፣ ሌላው የውኃውን ሙቀት፣ ሦስተኛው ከታች ሆኖ የሚንጠባጠብ መኖሩን ይጠብቅ ነበር። ሃያ ደቂቃው እንዳለቀ ጠፍቶ ቀዘቀዘ፤ የጐደለው ውኃ ተሞላ። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ መንገድ ወጣ።

መንገዱ ሰው የማይበዛበት፣ ሜዳ የሆነ ነበር። በሦስተኛ ማርሽ ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ድረስ ነዳጅ መስጫውን ሦስት አራተኛ ያህል ረግጦ መፍጠን፣ ከዚያ እግርን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ ማርሹ እንደ ገባ ወደ 50 መመለስ። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመ። ሲፈጥን ጋዙ ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይገፋል። እግር ሲነሣ ደግሞ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው የአየር እጥረት ዘይት ወደ ፋሻው ይስባል፤ ዘይቱም የተላገውን ብረት ያጥባል፣ ያቀዘቅዛልም። ሁለቱ ድርጊቶች አንዱ ያለ አንዱ አይበቃም። በየመካከሉም ሞተሩ እንዲያርፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር በቀላሉ ይነዳል።

በዚያው ዕለት ማታ ዘይቱና ፊልትሮው ተለወጡ። መካኒኩ አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ አስቈረጡና ወረቀቱን ዘርግተው ለሠልጣኞቹ አሳዩ። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ዱቄት ነበረበት። ይህ የሚጠበቅ ነው። በጥፍር የሚያዝ ቅርፊት ቢገኝ ግን ሞተሩ መፈታት ነበረበት። በቀጠለው 800 ኪሎ ሜትር ውስጥ ባልደረባችን በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ እንዳይነዳ፣ ከ3,500 ዙር እንዳያልፍ፣ እንዳያስቃስትም ታዘዘ። ሲጨርስ ዘይቱ እንደገና ተለወጠ፤ የቴስታታው ብሎኖች ጥብቀትና የቫልቭ ክፍተቱም ታየ።

የዛሬ አዲስ ስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ አይሠራም፤ የራሱን መኪና መመሪያ ይከተል። መመሪያዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። የቢ ኤም ደብሊው ኤም ሞዴሎች 2,000 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ጋራዥ ተመልሰው የሮዳጅ ዘይታቸው ይለወጣል። ሆንዳ ግን ለመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ነዳጅ እስከ መጨረሻ ረግጦ መነሣትን ከልክሎ፣ ፋብሪካው የሞላው ዘይት ከጊዜው በፊት እንዳይደፋ ያዛል። ሁለቱም ኩባንያዎች የሚናገሩት ስለ ራሳቸው ሲሊንደርና ስለ ራሳቸው ዘይት ነው። ደግሞም ሮዳጅ የሞተር ብቻ አይደለም፤ አዲስ ጎማና አዲስ የፍሬን ሸራም እስኪለማመዱ ድረስ በደንብ አይዙም።

ያች መኪና አሁን ሰማያዊ ጭስ የላትም። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ በአራቱም ሲሊንደሮች የተለካው ግፊት ሊራራቅ ከሚፈቀድለት ከመቶ አሥር በታች ተቀራርቦ ተገኘ። መካኒኩ የመጨረሻውን ልኬት አይተው ወንበራቸውን መለሱ። ባልደረባችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ በየእሑዱ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ይስባል፤ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ።